ደቡብ ሱዳን የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብን እንዴት ተቀላቀለች? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወሩም ዓመቱም በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። «ማኅበረሰቡ» ያልኩበት ቦታ ሁሉ ዋና መሥሪያ ቤቱ አሩሻ፣ ታንዛኒያ ያለውን የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ማለቴ ነው።

ገና ነፃነቷን ያገኘች አገር ትልቅ ኅብረት ውስጥ መግባት ትችላለች?

ትችላለች። የሚከለክል ዓለም አቀፍ ሕግ የለም። የዕድሜ ገደብም የለም። ሌሎች አገርነቷን ካወቁላት፣ ውስጥ ያሉት አባላትም እሺ ካሉ በቃ።

እንዲያውም በኛው ሰፈር ጉድ የሚያሰኝ ጥድፊያ ታይቷል። የብሪታንያ ሶማሌላንድ ጁን 26 ቀን 1960 ነፃ ወጣች፤ በአምስተኛው ቀን፣ ጁላይ 1፣ በጣሊያን ሥር ከነበረችው ሶማሊያ ጋር ተዋሐደች። ዛንዚባር ደግሞ ዲሴምበር 10 ቀን 1963 ነፃነቷን አገኘች፣ በወሩ አብዮት ፈነዳባት፣ ኤፕሪል 26 ቀን 1964 ከታንጋኒካ ጋር አንድ አገር ሆነች። ታንዛኒያ የተባለችው በዚያው ዓመት በኦክቶበር ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ፤ የሁለቱም ጣጣ እስከ ዛሬ አላለቀም። ሶማሌላንድ በ1991 ተለይቻለሁ ብላለች፣ ዛንዚባርም የራሷ ፕሬዚዳንትና ምክር ቤት ይዛ ከዋናው ምድር ጋር ሥልጣን ስትጎተት ትኖራለች።

ደቡብ ሱዳን ነፃነቷን ያወጀችው ጁላይ 9 ቀን 2011 ነው። ጁላይ 14 የተባበሩት መንግሥታት 193ኛ አባል ሆነች። በዚያው ወር የአፍሪካ ኅብረት 54ኛ አባል፣ በዚያው ዓመት ደግሞ የኢጋድ አባል። እስከዚህ ድረስ ቀላል ነበር። ማኅበረሰቡ ጋ ስትደርስ ነው ነገሩ የከበደው፤ የገባችው በ2016 ነው።

ማኅበረሰቡ ከኢጋድ ወይም ከአፍሪካ ኅብረት በምን ይለያል?

በመጨረሻ ግቡ። ኢጋድ አገሮች ተሰብስበው የሚመካከሩበት ነው። ማኅበረሰቡ ግን አንድ አገር እንሁን ብሎ በውሉ ላይ ጽፏል። ደረጃዎቹ አራት ናቸው፦ የጉምሩክ ኅብረት፣ የጋራ ገበያ፣ አንድ ገንዘብ፣ ከዚያ ፖለቲካዊ ፌዴሬሽን። የጉምሩክ ኅብረቱ በ2005 ተጀመረ፣ የጋራ ገበያው በ2010። ሁለቱ ቀሪዎች ገና ናቸው።

የራሱ ፓርላማ አለው፣ እያንዳንዱ አገር ዘጠኝ ዘጠኝ አባላት ይልካል። የራሱ ፍርድ ቤትም አለው፣ ተራ ዜጋ መንግሥቱን ሊከስበት ይችላል። ይህ የወረቀት ጌጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ደቡብ ሱዳን በገባች በዓመቱ፣ በ2017፣ የጁባ መንግሥት ለማኅበረሰቡ ፓርላማ የላካቸውን ሰዎች አመራረጥ የተቃወሙ ደቡብ ሱዳናውያን አሩሻ ሄደው ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱም ቃለ መሐላ እንዳይፈጽሙ አገደ። ጁባ አዳዲስ ሰዎች ለመምረጥ ተገደደች።

አባላቱ አሁን ስምንት ናቸው። ኬንያ፣ ዑጋንዳና ታንዛኒያ መሥራቾቹ፤ ሩዋንዳና ቡሩንዲ በ2007፤ ደቡብ ሱዳን በ2016፤ ዴሞክራቲክ ኮንጎ በ2022፤ ሶማሊያ በ2024 ተጨመሩ።

ለነፃነት ያን ያህል ደም ከፈሰሰ በኋላ ሉዓላዊነትን መልሶ ማጋራት ምን ይሉታል?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ነው፣ ተገቢም ነው። ከ1955 እስከ 1972፣ ከዚያም ከ1983 እስከ 2005 ተዋግተዋል። በጃንዋሪ 2011 ሕዝበ ውሳኔ 98.83 በመቶው እንለይ ብሎ ድምፅ ሰጠ። ታዲያ ነፃነቱ በታወጀ በዚያው ዓመት ሌላ ኅብረት ውስጥ አስገቡን ብሎ ማመልከት ግራ ያጋባል።

ካርታውን ስታዩት ግን ግራ አያጋባም። ደቡብ ሱዳን የባሕር በር የላትም። ስትለይ ከአሮጌዋ ሱዳን ነዳጅ ሦስት አራተኛ የሚሆነው በእጇ ቀረ፣ ቧንቧው ግን በሰሜን በኩል አልፎ ፖርት ሱዳን ነው የሚወጣው። የመንግሥቱ ገቢ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ከዚያ ነዳጅ ነበር። ካርቱም ለማሳለፊያ በበርሜል እስከ 36 ዶላር ጠየቀች፣ ጁባ አንድ ዶላር እንኳ የማይሞላ አቀረበች። አልተስማሙም። በጃንዋሪ 2012 ጁባ ተናዳ ጉድጓዶቹን ዘጋች። አስቡት፣ ገና ሰባት ወር ያልሞላት አገር የምትኖርበትን ገቢ በገዛ እጇ ዘጋች። በሴፕቴምበር አዲስ አበባ ላይ ተስማሙ፤ ነዳጁ እንደገና መፍሰስ የጀመረው ግን በኤፕሪል 2013 ነው።

ስለዚህ የማኅበረሰቡ ነገር ለጁባ መሪዎች ከሉዓላዊነት ጋር የሚጋጭ ሳይሆን ከካርቱም መገላገያ መንገድ ነበር። ነዳጁ በኬንያ በኩል ላሙ ወደብ ቢወጣ፣ ዕቃው በሞምባሳ ቢገባ። በማርች 2012 የላሙ ፕሮጀክት ሲመረቅ የኬንያው ኪባኪ፣ የደቡብ ሱዳኑ ሳልቫ ኪርና የኛው መለስ ዜናዊ አንድ ላይ ቆመው ነበር። ወደቡ በ2021 የመጀመሪያውን መርከብ ተቀበለ። የነዳጅ ቧንቧው ግን አልተሠራም። በ2024 በሱዳን ጦርነት ምክንያት የሰሜኑ ቧንቧ ተሰብሮ ዋናው የነዳጅ ጭነት ሲቆም ጁባ አሁንም ሌላ መውጫ አልነበራትም፣ ደመወዝ የማያገኘው የመንግሥት ሠራተኛም ያንን ዓመት አይረሳውም።

በነገራችን ላይ የኛ ሰው «ፌዴሬሽን» ሲባል ቶሎ የሚታወሰው የኢትዮጵያና የኤርትራው ነው። እሱ የተባበሩት መንግሥታት ወስኖ በ1952 ሥራ ላይ የዋለ፣ በ1962 የፈረሰ ነገር ነው። እዚህ አመልካቹ ራሱ ፈልጎ ነው የሚገባው፣ መውጫውም በውሉ ላይ ተጽፏል። ሁለቱን ባናምታታ ጥሩ ነው።

ማመልከቻዋ ለምን አምስት ዓመት ፈጀ?

በ2011 አመለከተች። በ2012 አጣሪ ቡድን ጁባ ሄዶ ሕጉን፣ ተቋሙን፣ ጉምሩኩን አየ። ድርድር ሊጀመር ሲል ዲሴምበር 15 ቀን 2013 ጁባ ላይ ተኩስ ተከፈተ፤ የፕሬዚዳንቱ የሳልቫ ኪርና የቀድሞ ምክትላቸው የሪክ ማቻር ጦርነት። ዑጋንዳ ጦሯን ልካ ከኪር ጎን ቆመች። እንግዲህ የማኅበረሰቡ አንድ አባል በአመልካቿ አገር ውስጥ ተዋጊ ሆኖ ነው ማመልከቻው የሚታየው።

በኦገስት 2015 የሰላም ስምምነት ተፈረመ። ከዚያ ነገሩ ፈጠነ። ማርች 2 ቀን 2016 አሩሻ ላይ መሪዎቹ ተቀበሏት፣ ኤፕሪል 15 ሳልቫ ኪር ዳሬሰላም ሄደው ፈረሙ። ቀኖቹን ልብ በሉልኝ። ፊርማው ሲፈረም ማቻር ገና ወደ ጁባ አልተመለሱም፤ የተመለሱት ኤፕሪል 26 ነው። በጁላይ ደግሞ ቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ተኩስ ተነሳና ከተማዋ እንደገና ጦርነት ውስጥ ገባች፣ ማቻርም በእግራቸው ወደ ኮንጎ ሸሹ። የአባልነቱ ወረቀት ግን መንገዱን ቀጠለ። በዚያው ዓመት ሙሉ አባል ሆነች።

መስፈርቱን አሟልታ ነው የገባችው?

አላሟላችም። በደንብ ልዘርዝረው፣ ምክንያቱም ይህ የጉዳዩ ዋና ነገር ነው።

የማኅበረሰቡ ውል አንቀጽ 3 አመልካች አገር የሚታይበትን ያስቀምጣል። ውሉን መቀበል፣ መልካም አስተዳደርና ዴሞክራሲ፣ የሕግ የበላይነትና የሰብዓዊ መብት መከበር፣ ለማኅበረሰቡ የምታበረክተው ነገር፣ መልክዓ ምድራዊ ቅርበትና መደጋገፍ፣ በገበያ የሚመራ ኢኮኖሚ፣ ከሌሎቹ ጋር የሚጣጣም ፖሊሲ። አንዳንዱ ግልጽ ነው። ደቡብ ሱዳን ከኬንያም ከዑጋንዳም ጋር ትዋሰናለች፣ ገበያዋም የጎረቤት ሸቀጥ ማራገፊያ ነው። ቅርበቱና መደጋገፉ አያከራክርም። ዴሞክራሲው ጋ ስንደርስ ግን፣ ከነፃነት ወዲህ አንድም አገር አቀፍ ምርጫ አላደረገችም። በ2015 መካሄድ የነበረበት ተላለፈ፣ ከዚያ ተላለፈ፣ የ2024ቱም ወደ ዲሴምበር 2026 ተገፋ። የሕግ የበላይነቱን ነገር ከላይ በቀኖቹ አይታችኋል።

ታዲያ ለምን ተቀበሏት? ውሉ እነዚህን ነገሮች «ይታያሉ» ነው የሚለው። ነጥብ አይሰጣቸውም፣ ማለፊያ ውጤትም የለውም። የሚወስኑት መሪዎቹ በመግባባት ነው፣ መሪዎቹም የየራሳቸው ጉዳይ አላቸው። ለዑጋንዳ ደቡብ ሱዳን ከትልልቅ ገበያዎቿ አንዷ ናት። የኬንያ ባንኮች ገና ከነፃነቱ በፊት ጁባ ቅርንጫፍ ከፍተው ነበር። የጭነት መኪናው፣ ሲሚንቶው፣ በቆሎው፣ ቢራው፣ መካኒኩ ቀድሞ ገብቷል። ውሉ የነጋዴውን ኮቴ ተከትሎ ነው የመጣው።

«ውጭ ሆና ከምትነድ ውስጥ ገብታ ትረጋጋ» የሚል ክርክርም ነበር። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን በጣም ቸኮሉ። አንድ አገር አባል ለመሆን ደጅ ስትጠና ነው የምትታዘዘው። ሽማግሌ ተልኮ ሳለ ሙሽራው ምን ያልገባው ቃል አለ? ከሠርጉ በኋላ ጠይቁት እስቲ። ምርጫ አድርጊ፣ የበጀት ሒሳብሽን አሳዪ፣ ኬላዎቹን አንሺ ማለት የሚቻለው ከ2016 በፊት ነበር። መሪዎቹ የጁባ ሰዎች በጣም ይፈልጉት የነበረውን ነገር በነፃ ሰጥተው፣ አሁን መግለጫ ከማውጣት ያለፈ አቅም አጡ። ይባስ ብሎ ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ ለአንድ ዓመት የመሪዎቹ ጉባኤ ሊቀመንበር ማን ነበር? ሳልቫ ኪር። ተራቸው ደርሶ ነው፣ ሕጉ ነው። ግን አባልነት ከገባህበት በኋላ ማንም የማይጠይቅህ ነገር መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላየሁም።

ሱዳንስ ለምን ተከለከለች?

እሷም በ2011 አመልክታ ነበር። አልተቀበሏትም። አንዱ ምክንያት ያኔ ከነበሩት አባላት ከአንዱም ጋር ድንበር የላትም የሚል ነው። ድንበሩን ያጣችው ደግሞ ደቡቡ ሲለይ ነው፤ ከዚያ በፊት ከኬንያም ከዑጋንዳም ጋር ትዋሰን ነበር። የአል-በሽር መንግሥት የሰብዓዊ መብት ጉዳይም ተነስቷል። ይህንን ከደቡብ ሱዳን አቀባበል ጋር አስተያዩትና የራሳችሁን ፍርድ ስጡ።

አባል ከሆነች በኋላ ለተራው ሰው ምን ተለወጠ?

ኒሙሌ ላይ እንሂድ። የዑጋንዳና የደቡብ ሱዳን ድንበር ናት፤ በዑጋንዳ በኩል ያለችው ኬላ ኤሌጉ ትባላለች። ጁባ የምትበላውና የምትጠጣው አብዛኛው ነገር በዚያ ነው የሚገባው። ከሞምባሳ የተነሳ ኮንቴይነር ኬንያን አቋርጦ፣ ዑጋንዳን አቋርጦ፣ ኒሙሌ ደርሶ፣ ከዚያ 192 ኪሎ ሜትር አስፋልት ይዞ ጁባ ይገባል። አስፋልቱ በአሜሪካ ዕርዳታ ተሠርቶ በ2012 ያለቀ ነው፤ አገሪቱ በጊዜው ከከተማ ውጪ የነበራት ዋና አስፋልት እሱ ነበር ማለት ይቻላል።

የጋራ ገበያ ቢሆን ኖሮ ዕቃው ኒሙሌ ላይ ብዙም ባልተጉላላ። የሚሆነው ሌላ ነው። መኪኖቹ ይሰለፋሉ። ሹፌሩ የዑጋንዳ ወይም የኬንያ ሰው ነው፣ ሶማሌና ኤርትራዊም አለ። ከመኪናው ሥር ጥላ ውስጥ ምንጣፍ አንጥፎ ወረቀቱ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ጉምሩኩ የራሱን ይወስዳል፣ የክልሉ አስተዳደር የራሱን፣ መንገድ ላይ ደግሞ ገመድ ዘርግቶ የሚያስቆም ባለ ጠመንጃ አለ። በ2021 ሹፌሮች መንገድ ላይ ሲገደሉ ባልደረቦቻቸው መኪና አቁመው አንሄድም አሉ። ጁባ ላይ ወዲያው የዕቃ ዋጋ ናረ።

በ2024ም መንግሥት አዳዲስ የጭነት መከታተያና የነዳጅ ፈቃድ ክፍያዎች አመጣ። ነጋዴው አልከፍልም አለ፣ ቦቴዎቹ ድንበር ላይ ተገተሩ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ነዳጅ አጥተው መንገድ ወደሌለበት አካባቢ ከአየር የሚጥሉትን ምግብ አቋረጡ። ጩኸቱ ሲበዛ ክፍያው ተነሳ። ያነሳው የአሩሻ ፍርድ ቤት ወይም የጋራ ገበያው ውል አልነበረም፤ የረሃቡ ዜና ነው።

እንዲህ ስል ምንም አልተገኘም ማለቴ አይደለም። ለሰው እንቅስቃሴ ትንሽ ተሻሽሏል። በ2021 ኬንያም ዑጋንዳም የደቡብ ሱዳን ሰው ያለ ቪዛ እንዲገባ ፈቅደዋል። ናይሮቢ፣ ካምፓላ፣ ኤልዶሬት ልጆቹን ትምህርት ቤት ያስገባ ደቡብ ሱዳናዊ ብዙ ነው፣ ለእሱ ትልቅ ነገር ነው። ግን ይህም አባል በሆነች በአምስት ዓመቷ መጣ።

ጁባ ያለን ሐበሾችስ ምን ይነካናል?

ይነካችኋል፣ በተዘዋዋሪ። ጁባ ላይ ሆቴሉን፣ ምግብ ቤቱን፣ የውኃ ቦቴውን ከጥንት ጀምሮ የያዘው ብዙው የኢትዮጵያና የኤርትራ ሰው ነው። አሁን ከአጠገቡ ያለው ዑጋንዳዊ ወይም ኬንያዊ በውል የተጻፈ የመኖርና የመሥራት መብት አለው። እናንተ የላችሁም፤ ኢትዮጵያ አባል አይደለችማ። በተግባር ኬላ ላይ የሚጉላላው ሁሉም ነው። የውጭ ዜጋ ላይ ዘመቻ የመጣ ቀን ግን ልዩነቱ ይታያል። በሴፕቴምበር 2014 መንግሥት የውጭ ሠራተኞች በአገሬው ይተኩ የሚል ትእዛዝ አውጥቶ፣ ጎረቤቶች ሲጮኹ ወዲያው አለሳለሰው። ለዜጋው የሚጮህለት፣ ውልም ጠቅሶ የሚከራከርለት አባል አገር መኖሩ ጥቅሙ እዚህ ጋ ነው።

አንድ ገንዘብ መቼ ይመጣል?

ቅርብ አይደለም። ውሉ በ2013 ሲፈረም ለ2024 ነበር የታቀደው፣ ወደ 2031 ተገፍቷል። የደቡብ ሱዳን ፓውንድ ዋጋው በየጊዜው ሲወድቅ ላየ ሰው 2031ም ቅርብ አይመስልም።

ፌዴሬሽኑስ? ደቡብ ሱዳን አገርነቷ ይቀራል?

በዚህ ትውልድ አይመስለኝም። ሐሳቡ ከነፃነት በፊት ጀምሮ ያለ ነው። የታንጋኒካው መሪ ኔሬሬ በ1960 ምሥራቅ አፍሪካ አንድ ላይ እንድትሆን ከሆነ የታንጋኒካ ነፃነት ይዘግይ እስከ ማለት ደርሰዋል። በጁን 1963 የኬንያው ኬንያታ፣ ኔሬሬና የዑጋንዳው ኦቦቴ ናይሮቢ ላይ በዓመቱ መጨረሻ ፌዴሬሽን እንመሠርታለን ብለው አወጁ። አልሆነም። ነፃነት ከመጣ፣ ሰንደቅ ከተሰቀለ፣ ሚኒስትር ከተሾመ በኋላ ማን ወንበሩን ይለቃል?

በ2017 መሪዎቹ ራሳቸው ዝቅ አድርገው መጀመሪያ ኮንፌዴሬሽን ይሁን አሉ። ማለትም አገሮቹ አገር ሆነው ይቀጥላሉ፣ የተወሰነ ነገር በጋራ ይሠራሉ። ለዚያም ሕገ መንግሥት የሚያረቅ ኮሚቴ አቋቋሙ። ስለዚህ ደቡብ ሱዳን እስካሁን ከሉዓላዊነቷ ያስረከበችው ነገር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የጋራውን ቀረጥ እንኳ ሙሉ በሙሉ አልገባችበትም።

መዋጮ ትከፍላለች?

ትልቅ ውዝፍ አለባት። አባላቱ ለዓመታት እኩል ሲያዋጡ ነው የኖሩት፣ በዓመት 7 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ። ለኬንያ ይህ ምንም አይደለም፤ የራሷን አስተማሪ ለወራት መክፈል ላቃታት አገር ግን ብዙ ነው። ኮንጎም ውዝፍ አለባት። ገንዘቡ ሲጠፋ የማኅበረሰቡ ፓርላማ ስብሰባውን እስከ ማቋረጥ ደርሷል። እኩል መዋጮ ይቅር፣ ሀብታሙ ትንሽ ይጨምር የሚለው ክርክር የመጣው ከዚህ ነው። እኔ በዚህ ላይ ከደቡብ ሱዳን ጋር ነኝ፤ ከመጀመሪያውም ትክክል አልነበረም።

ጦርነቱን ለምን አላስቆሙትም?

ሽምግልናውን የያዘው ኢጋድ ስለሆነ። የ2018ቱ የሰላም ስምምነትም የተፈረመው አዲስ አበባ በኢጋድ ጥላ ሥር ነው። ማኅበረሰቡ ለንግድ የተሠራ ቤት ነው፤ ኮንጎ ላይ በ2022 ጦር ልኮ በዓመቱ ሂዱልኝ ተብሎ ወጥቷል።

ሶማሌላንድ በዚህ መንገድ ልትገባ ትችላለች?

አሁን ባለው ሁኔታ አትችልም። መልሱ ሶማሌላንድ ምን ታህል ተረጋግታለች ከሚለው ጋር ግንኙነት የለውም። ውሳኔው በመግባባት ነው፣ ሶማሊያ ደግሞ ከ2024 ጀምሮ ውስጥ ናት። ሞቃዲሾ እምቢ ካለች አለቀ። ለደቡብ ሱዳን ነገሩ የቀለላት የተለየችባት አገር ራሷ በ2005 ስምምነት ለሕዝበ ውሳኔው ፈርማ፣ ውጤቱንም ተቀብላ፣ በነፃነቱ ቀን አል-በሽር ጁባ ተገኝተው ስለነበር ነው። ተለይተሽ የወጣሽባት አገር ኅብረቱ ውስጥ ካለች፣ በሩን የምትከፍተውም የምትዘጋውም እሷ ናት።

መውጣት ወይም መባረር አለ?

አለ። መውጣት የፈለገች አገር ፓርላማዋ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስናል፣ ከ12 ወር በፊት ለዋና ጸሐፊው በጽሑፍ ታሳውቃለች። ማገድና ማባረርም በውሉ አለ፣ ያኔ የተከሳሿ አገር ድምፅ አይቆጠርም። እስካሁን የወጣም የተባረረም የለም።

የቀድሞው ማኅበረሰብ ግን ነበር፣ በ1967 ተመሥርቶ በ1977 ፈረሰ። የዑጋንዳው ኢዲ አሚንና የታንዛኒያው ኔሬሬ አይን ለአይን አይተያዩም ነበር፣ ታንዛኒያ ሶሻሊስት፣ ኬንያ ካፒታሊስት፤ የጋራ አየር መንገድና የጋራ ባቡር ነበራቸው፣ ሁሉም ተበተነ። ሀብቱን ለመካፈል ብቻ ተስማምተው የፈረሙት በ1984 ነው።

ኢትዮጵያስ ትገባለች?

የማኅበረሰቡ ባለሥልጣናት ኢትዮጵያ ትመጣለች ሲሉ ደጋግመው ተሰምተዋል። በቅርበት ማንም አይበልጣትም፤ ከሦስት አባላት ጋር ትዋሰናለች፣ ከኬንያ፣ ከደቡብ ሱዳንና ከሶማሊያ። ሞያሌ ላይ ከኬንያ ጋር የጋራ የድንበር ኬላ ተከፍቷል። ጋምቤላ ውስጥ ያለው ኑዌርና አኙዋክ ከድንበሩ ወዲያም ያው ሕዝብ ነው፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችም እኛው ጋ ናቸው።

ችግሩ ኢኮኖሚው ላይ ነው። አዲስ አበባ ባንኩን፣ ቴሌውን፣ ችርቻሮውን ለውጭ መክፈት የጀመረችው በቅርቡ ነው፤ ብሩ በገበያ እንዲወሰን የተደረገውም በጁላይ 2024 ነው። የኬንያ ባንክና ሱፐርማርኬት ያለ ቪዛና ያለ ቀረጥ መርካቶ አጠገብ ሲከፍት ነጋዴው ምን እንደሚል መገመት አይከብድም። በሌላ በኩል ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር ስትገባ ናይሮቢም የራሷ ስጋት አላት፣ ማን ይመራል የሚለው ይነሳል።

ማመልከቻው ቢገባ ስንት ዓመት ይፈጃል ለሚለው፦ ኮንጎ በ2019 አመልክታ በማርች 2022 ተቀበሏት። ሶማሊያ በ2012 አመልክታ እሺ የተባለችው በኖቬምበር 2023 ነው።